«ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ»

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን የምታነበው እናቴ ናት፤ እኔ ከእሷ ስልክ ላይ ሰርቄ ነው የማነበው።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምማረው ደሴ ነው። ዘንድሮ የክፍላችን አለቃ ሆኜ ተመርጫለሁ። ተመርጫለሁ ስል ልጆቹ አይደሉም የመረጡኝ፣ የክፍላችን ኃላፊ መምህር ናቸው፤ ደብተሬ ንጹሕ ስለሆነና ስለማልረብሽ ይመስለኛል። ሥራዬ ሰሌዳ ማስጠረግ፣ ጠመኔ ማምጣት፣ መምህር በሌለበት የሚረብሹትን መጻፍ፣ ጠዋት ደግሞ ከሰልፍ የሚዘገዩትን የክፍላችንን ልጆች መዝግቤ ለዩኒት ሊደሩ መስጠት ነው። የዜግነት ትምህርት የሚያስተምሩንም እኚሁ መምህር ናቸው። «ጥሩ ዜጋ ጥፋት አይቶ አያልፍም» ይሉናል። እኔም አምኜበት ነው የምጽፈው።

ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ አለ። ዝምተኛ ነው፣ ኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ሒሳብ ላይ ግን ማንም አይደርስበትም። ከጥቅምት ጀምሮ ማርፈድ አበዛ። ሦስት ጊዜ የተጻፈ ሰው ወላጅ ያመጣል፤ ሕጉ ነው። ሦስተኛውን ቀን አልረሳውም፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ የግቢው በር እንኳ በቅጡ አይታይም ነበር። እየሮጠ መጣ፣ ጃኬቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ስሙን ስጽፍ ቆሞ አየኝና «የአባቴን ስም ተሳስተሻል» አለኝ። በሃሌታው ሀ ነበር የጻፍኩት። እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ሰረዘው፣ በሐመሩ ሐ አስተካከለውና መለሰልኝ። ሌላ ምንም አላለም። አባቱ በሕይወት እንደሌሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ያን ቀን ያረፈዱት ጠጠር ላይ ተንበረከኩ፤ እሱ «ወላጅ አምጣ» ተብሎ ተመለሰ። ይኸው አራተኛ ሳምንቱ፣ አልመጣም። የሚኖረው ከአያቱ ጋር ነው፤ እናቱ ዓረብ አገር ናት። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ዕቃ ጭኖ ነበር የሚመጣው አሉ። ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ስንሄድ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ረዳት እሱ ሆኖ አገኘሁት። ሐረጎን ስንወርድ ሒሳብ መሰብሰብ ጀመረ። እናቴን «ሒሳብ፣ እማማ» ብሎ ተቀበላት፤ እኔን ግን በአጠገቤ ማንም እንደሌለ አድርጎ አለፈኝ። እናቴ የሁለታችንን ስለከፈለች ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ።

ክፍል ውስጥ አሁን ስሜ «ጆሮ ጠቢ» ሆኗል። ዴስኬ ላይ በእስክሪብቶ ትልቅ ጆሮ ሥለውልኛል፤ ብፈትገው ብፈትገው አልለቅ አለኝ። የቅርብ ጓደኛዬ «ተያቸው፣ ቅናት ነው» ትለኛለች። እሷም ያን ቀን አርፍዳ እንደነበር ግን ሁለታችንም አናነሣውም። መምህሩን «አለቃነቱ ይቅርብኝ» ስላቸው «ኃላፊነት የምትሸሽ ዜጋ እንዳትሆኚ» አሉኝ።

ጥፋቴ ምንድን ነው? ሕጉን ነው ያስከበርኩት። ታዲያ ለምን እንቅልፍ አጣሁ? አለቃነቱን ልተወው? ልጁንስ ሄጄ ላናግረው ወይስ ይብስበታል?

የአለቃዋ ልጅ፣ ከደሴ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ማንም ልብ እንዳይላት የፈለግሽ ይመስል በጎን በር ነው ያስገባሻት። ጓደኛሽም ያን ቀን አርፍዳ ነበር፣ ሁለታችሁም አታነሡትም። ከእሷ ልጀምር፤ እንቅልፍሽን የወሰደችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ሁለቱንም ስም ጽፈሽ ቢሆን ኖሮ ልጁ ወላጅ አምጣ መባሉ አይቀርለትም ነበር፤ አንቺ ግን ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምትጽፊ አይመስለኝም። አንዱን መዝግቦ ሌላውን የዘለለ እስክሪብቶ ወዳጅና ባዳ ለየ እንጂ ሕግ አስከበረ አይባልም። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። የልብ ጓደኛን ጠጠር ላይ አንበርክኮ ማየት ለትልቅ ሰውም ከባድ ነው። ቀበሌ ተሰልፈሽ ከሆነ አይተሽው ይሆናል፤ ወረፋ አስከባሪው ሁሉን «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» እያለ ሲያመናጭቅ ይቆይና ዘመዱን ሲያይ ድምፁ ይለሰልሳል። እሱ ማታ ቤቱ ገብቶ ለጥ ብሎ ይተኛል። አንቺ አልተኛሽም። እኔ ይህን እንደ መልካም ነገር ነው የማየው።

ስድቡን እንየው። ጆሮ ጠቢ የሚባለው ተደብቆ ያዳመጠውን ተሸክሞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። አንቺ በር ላይ ቆመሽ፣ እሱ ወረቀቱን እያየ፣ ፊት ለፊቱ ነው የጻፍሽው። ልጁም ይህን ያውቃል፤ ተደብቀሽ ብትጽፊ ኖሮ እስክሪብቶሽን ተቀብሎ የአባቱን ስም ባላስተካከለ። ስለዚህ ስሙ አይገባሽም። ይሁንና የክፍልሽ ልጆች ያቺን ጆሮ ሲሥሉ ሳያስቡት አንድ እውነት ነክተዋል፤ ያን ጠዋት በሩ ላይ የጠፋው ጆሮ ነበር። ጃኬቱ ናፍጣ ሲሸት አፍንጫሽ ሰምቷል፣ እየሮጠ ሲመጣ ዓይንሽ አይቷል። «ምነው፣ ምን ገጠመህ?» ያለው ሰው ግን የለም። አንቺም አላልሽ፣ ዘበኛውም፣ ዩኒት ሊደሩም። (ለዴስኩ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር ቤት ካለ በጥጥ ነክረሽ ሞክሪው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።)

መምህርሽ «ጥሩ ዜጋ ጥፋት አይቶ አያልፍም» ማለታቸው ትክክል ነው። እኔም ዕድሜዬን ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህችን አባባል ስንት ጊዜ እንዳልኳት አልቆጥራትም። ከእናንተ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፋቸው 11 ምዕራፍ ነበረው። የሕግ የበላይነት ሁለተኛው፣ እኩልነት ሦስተኛው፣ ፍትሕ አራተኛው ነው፤ ልጆቹ ፈተና ሲደርስ በቃላቸው ይሸመድዷቸው ነበር። እነዚህ ሦስቱ መጽሐፉ ላይ ጎን ለጎን ተስማምተው ተቀምጠዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ በር ላይ ስትቆም ሦስቱ እርስ በርስ ቢጋጩስ? ይህን ጠይቀን አናውቅም። ሳናስተምርሽ በሩ ላይ ያቆምንሽ እኛ ነን፤ ያን ያህሉን ሸክም ከትከሻሽ አውርጂው።

የጠጠሩም ነገር የአንቺ ጥፋት አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ሲዘረዝር በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆንን አብሮ ጽፏል። ይህን ግን አንቀጽ ጠቅሰሽ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ግቢ አልልሽም። የትልልቆች ሥራ ነው። እናትሽ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች በሚገናኙበት ኅብረት ስብሰባ ላይ ብታነሣው ያምርባታል።

እናትሽን ካነሣን አይቀር፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሒሳብ የተቀበላት ልጅ ማን እንደሆነ ነግረሻታል? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም። ከሐረጎ እስከ ኮምቦልቻ ያን ሁሉ ብቻሽን ይዘሽ ከወረድሽ፣ መጀመሪያ ማረፍ ያለብሽ እሷ ጋ ነው። የስልኳን ነገርም ያን ጊዜ ትነግሪያታለሽ።

አሁን ወደ ልጁ። ለአብዛኛው ተማሪ «ወላጅ አምጣ» ማለት አንድ ቀን ማፈር ነው። አባቱ ለሞተ፣ እናቱ ዓረብ አገር ላለች ልጅ ግን «ወላጅ አምጣ» ማለት «አትምጣ» ማለት ነው። ይህን በራሴ ስሕተት ነው የተማርኩት። አንድ ጊዜ አንዱን ተማሪዬን ወላጅ አምጣ ብዬ ብልከው፣ በነጋታው አንድ ሊስትሮ «አጎቱ ነኝ» እያለ መጣ። የጫማ ቀለሙ ከጣቱ አልለቀቀም። ቢሮው ውስጥ የነበርነው መምህራን ሳቅን። ሰውየው ግን ከብዙ እውነተኛ አጎት አጥብቆ ነበር የለመነኝ። ልጁ ሌላ ሰው እንዳልነበረው የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል። የአንቺ ክፍል ልጅ ሊስትሮም አልለመነም፤ ዝም ብሎ ሚኒባስ ላይ ተንጠለጠለ።

በአንቺ ወረቀት ብቻ ነው የቀረው ብዬ ግን አላምንም፤ አንቺም እንዲህ ብለሽ ራስሽን አታቃጥይ። የእናቱ ገንዘብ ቆሞ ይሆናል፣ አያቱ ታመው ይሆናል፣ ወይም ከትምህርት ቤት ይልቅ የሚኒባሱ ሒሳብ ጨው በርበሬ ሆኖ ቤት እየገባ ይሆናል። ድሮም አፋፍ ላይ የቆመ ልጅ ነበር። ለዚህ ነው ስታናግሪው «በእኔ ምክንያት ቀረህ» እንዳትይው የምለምንሽ። እንዲህ ካልሽ ወሬው ስለ አንቺ ይሆናል፣ አንቺን ማጽናናት ደግሞ የእሱ ሥራ ሊሆን ነው። የአንቺን ድርሻ ብቻ ንገሪው፤ «ያን ቀን የሌላ ሰው ስም ዘልያለሁ፣ ያንተን ጻፍኩ። ልክ አልነበረም።» ይኸው ነው። ይቅር በለኝ ብለሽም መልስ አትጠብቂበት። ዝም ካለሽ ይበል፤ ድሮም ዝምተኛ ነው።

ሚኒባሱ ላይ አታናግሪው። ሹፌሩ እየጮኸበት፣ ተሳፋሪ እየሰማ፣ አንድ እግሩ ውጭ ሆኖ ማን ልቡን ይከፍታል? መናኸሪያም አትጠብቂው፤ ጓደኞቹ ፊት ታሳፍሪዋለሽ፣ ለአንቺም ደግ አይደለም። አያቱ ቤት ነው መሄድ ያለብሽ፣ ከእናትሽ ጋር። ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የአራት ሳምንት ደብተር ይዘሽ ሂጂ፤ ሒሳቡን ራሱ ይወጣዋል፣ የባዮሎጂና የታሪክ ማስታወሻ ግን ያስፈልገዋል። ለቡና የሚሆን ስኳር እናትሽ ታውቃለች።

እዚያ ስትደርሱ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው ለአያቲቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ሄዶ አሳዳጊው ነኝ የሚል ሰው አለ ወይ? አያቲቱ ዳገቱን መውጣት ካቃታቸው አጎት፣ ጎረቤት፣ ሌላው ቢቀር እናትሽ ከእሳቸው ጋር በስልክ ተነጋግራ መቅረብ ትችላለች። ሁለተኛው ለልጁ ነው፤ መናኸሪያ መሥራቱን ለመምህሩ ብነግራቸው ይከፋሃል ወይ? ይህችን ሁለተኛይቱን እንዳትዘያት። ችግሩን ሳይፈቅድልሽ ለመምህራን ብታወሪለት፣ ለበጎ ብለሽም ቢሆን፣ ስሙን ለሁለተኛ ጊዜ ጻፍሽው ማለት ነው። እንቢ ካለሽ «ቤት ውስጥ የሚያስረፍደው ነገር አለ» ከማለት አትለፊ።

ከዚያ ወደ መምህርሽ። ከእሳቸው በፊት ግን ጓደኛሽን አነጋግሪያት። «ያን ቀን አንድ ስም ዘልያለሁ ብዬ ልናገር ነው፤ የማንን እንደሆነ አልናገርም» በያት። ትቆጣ ይሆናል፣ ጥቂት ቀንም ታኮርፍ ይሆናል። ወይ ደግሞ ራሷ ተነሥታ «እኔ ነኝ» ትል ይሆናል፤ እስከ ዛሬ ዝም ያለችው ደፍሮ የጀመረ ጠፍቶ ቢሆንስ? ብቻ ከመምህሩ አፍ አትስማው።

መምህሩን ክፍል ሞልቶ ሳለ አታናግሪያቸው፤ በዕረፍት ሰዓት ለብቻቸው አግኝያቸው። ክፉ ሰው አድርጌ አልሥላቸውም። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዘው ልጁ ለምን እንደቀረ የነገራቸው ሰው ከሌለ በምን ያውቃሉ? ኃላፊነት እንዳትሸሺ ማለታቸውንም ቃላቸውን ያዥባቸው። «አልሸሽም መምህር። ስሕተቴን ልንገርዎት ነው የመጣሁት፤ ልጁ እንዲመለስም ያግዙኝ» በያቸው። እንዲህ ብሎ የመጣ ተማሪ ፊት የሚቆጣ መምህር ብዙ አይገጥምሽም። ቢቆጡ እንኳ ቁጣቸው ሰኞን አያልፍም።

አለቃነቱን ልተወው ወይ ላልሽው፣ እኔን ከጠየቅሽኝ አሁን አትተይው። አሁን ብትተይው ያው እስክሪብቶ ለሌላ ልጅ ይሰጣል፤ በሩም ያው፣ ጠጠሩም ያው። ይልቅ የምትመዘግቢበትን ወረቀት ቀይሪው። ዛሬ ያለው ስም ብቻ ነው። አጠገቡ መስመር አስምሪና «የመጣበት ሰዓት» እና «ምክንያት» ብለሽ ጨምሪበት፤ መምህሩንም አስፈቅጂ። ምክንያት የምትለዋ ሳጥን ባዶ እንዳትሆን ስትይ መጠየቅሽ አይቀርም። ውሸት የሚነግርሽ ይኖራል፤ «አህያ መንገድ ዘጋብኝ» ይልሻል። ይንገርሽ፣ ጻፊው፣ መዳኘቱ የአንቺ ሥራ አይደለም። አንቺ ራስሽ ያረፈድሽ ቀን ደግሞ የመጀመሪያው ስም የአንቺ ይሁን፤ የጓደኛሽ ሁለተኛ። ክፍሉ ይህን አንድ ጊዜ ካየ የጆሮው ሥዕል በራሱ ጊዜ ይረሳል። ምክንያት ሳይጠየቅ ይጻፍ፣ ዝም ብለሽ ስም አምጪ ከተባልሽ ግን ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ ተናግረሽ ልቀቂው። ያ መሸሽ አይባልም።

ምክንያት መጠየቅ ለአገርሽ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ወሎ ተወልደሽ አበጋር የሚለውን ስም ሳትሰሚ አትቀሪም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው እነዚያ አስታራቂዎች፣ ደም ያፋሰሰ ጠብ እንኳ ሲቀርብላቸው ማን አጠፋ ከማለታቸው በፊት ሁለቱንም ወገን አስቀምጠው ያደምጣሉ። ሦስት ቀን ያረፈደ ልጅ ከዚያ ያነሰ አይገባውም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቱ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ እንደተሰደደ፣ ትንሽም ብትሆኚ ታስታውሺያለሽ። ተመልሳችሁ ስም ጥሪ ሲጀመር «አቤት» የሚል የጠፋበት ስም ሲጠራ ክፍሉ ዞሮ ባዶውን ቦታ አያይም ነበር? አሁን የዚህ ልጅ ስም ሲጠራ የሚዞር ሰው አለ? ወይስ «ቀሪ» ተብሎ ይታለፋል? እኔ ብሆን ነገ ጠዋት ስሙ ሲጠራ ዞር እል ነበር። የቀረበት ቀን በበዛ ቁጥር መመለሻው እየጠበበ ስለሚሄድ ሌላ ሳምንት አትጨምሪበት።

ቅዳሜ ሚኒባስ ሥራ ይበዛበታል፣ ልጁን ቤት አታገኙትም፤ እሑድ ከሰዓት ይሻላል። እናትሽ ትቅደምና አያቲቱን ሰላም ትበል፤ አንቺ ደብተሩን ይዘሽ ከኋላዋ ሁኚ። ቡና ከተጣደ ደግሞ አቦሉን ጠጥታችሁ እንዳትነሡ፤ እንዲህ ያለ ልጅ አፉን የሚከፍተው በረካው ላይ ነው።